ከቴሌቪዥኑ የወጣው ዓሣ

ዓሣው ከቴሌቪዥኑ ወጥቶ ወደ ሶፋው ሲመጣ ልጅቷ ጮኸች፣ እናትየው ጭንቅላቷን ዝቅ አደረገች፣ ወንድምጋሼ ግን እንደተቀመጠ ቀረ። ሁለቱ ሲስቁ ሰምቶ እሱም ሳቀ፤ ከሳቀ በኋላ ደግሞ፣ የረሳው ነገር ትዝ እንዳለው ሰው፣ አንገቱን ሰበር አደረገ። ያን ጊዜ ዓሣው ሄዷል። ሞዴል ይህን ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ አይቷል። ያየውን የተረጎመው ግን እንደሚመቸው ነው። ታላቅ ወንድሙ ዕቃውን ሊያጣጥልበት ፈልጎ ነው እንጂ እንዲህ ያለ ዓሣ አፍንጫው ላይ ደርሶ የማይደነግጥ ሰው የለም ብሎ ደመደመ፤ እሑድ ጠዋቱም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጎመዘዘበት።

ሞዴል ብለው ስም ያወጡለት እሱ በሚመራው የቀለም መደብር አብረውት የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። አዲስ የወጣ ስልክ መጀመሪያ የሚታየው በእሱ እጅ ነው። ያልተለመደ ዕቃ ገበያ ገባ ሲባል ጆሮው ይቆማል፤ ሌላው ሰው «እስቲ ይታይ» እያለ ሲያመነታ እሱ ካርቶኑን አስጭኖ ቤቱ ደርሷል። ሲቀልዱበት ደስ ይለዋል እንጂ አይከፋውም። «እናንተ የምትገዙት እኔ የሰለቸኝን ነው» ይላቸዋል። እውነቱን ለመናገር ግን፣ አንዱ ዕቃ ገና ሳይሰለቸው ጎረቤቱ የተሻለውን በግማሽ ዋጋ ገዝቶ የገባበት ጊዜ ብዙ ነው። ዳቦ የሚጋግረው ማሽን ቁም ሳጥን ላይ ወጥቶ አቧራ ይጠጣል። ድምፅ ሰምቶ የሚበራው መብራት ልጅቷ ባስነጠሰች ቁጥር እየበራና እየጠፋ ቤተሰቡን ስላስመረረ ተነቅሏል። ሞዴል ስለነዚህ አያወራም። የሚያወራው ስለሚመጣው ነው።

ስሪዲ ቴሌቪዥኑ የገባው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። በጥቁር መነፅሩ ሲያዩት ሥዕሉ መስታወቱን ጥሶ ይወጣና ክፍሉ ውስጥ ይንሳፈፋል። ሚስቱ የፀጉር ቤት አላት፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ ስለምትውል ማታ እግሯን ሰቅላ ድራማዋን ከማየት በቀር ሌላ ምኞት የላትም። «ድራማው በዚህ ይወጣል?» ብላ ጠየቀችው። አይወጣም፤ በስሪዲ የሚያሰራጭ ጣቢያ ገና የለም። ያለው ከቴሌቪዥኑ ጋር የመጣው የማሳያ ዲስክ ነው፤ እሱም የባሕር ውስጥ ዓሣዎችና ተራራ ላይ የሚጋልብ ባቡር ብቻ። «ታዲያ ዓመቱን ሙሉ ዓሣ ልናይ ነው?» አለች። «ሁሉም ይመጣል። የመጀመሪያውን ስልክ የገዛ ሰው ለማን ደወለ?» አላት። «ለማንም። ቁጭ ብሎ ሁለተኛው ሰው እስኪገዛ ጠበቀ» ብላው ወደ ማድቤት ገባች። ወንድምጋሼ ደግሞ ካርቶኑን በአንድ ጫፍ ይዞ ደረጃውን ካወጣለት በኋላ ላቡን እየጠረገ «የድሮው ምን ሆነ?» ብሎ ነበር። «ምንም አልሆነም።» «እንግዲያው ጥሩ ነው» አለና ወደ ክፍሉ ሄደ። ይቺ «ጥሩ ነው» ሞዴልን ከሚስቱ ቀልድ ይልቅ ወጋችው። በቴሌቪዥኑ ዋጋ የሳሎኑ ወለል ሙሉ በሙሉ ሴራሚክ ይነጠፍ እንደነበር ማንም ባይነግረውም ያውቀዋል።

ወንድምጋሼ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። አባታቸው ሲሞቱ ሞዴል ገና ፊደል አልለየም ነበር፤ አጥቦ፣ አልብሶ፣ ትምህርት ቤት አድርሶ ያሳደገው እሱ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከታናሽ ወንድሙ ጋር በኋላኛው ክፍል ይኖራል። ጡረታው ሩቅ አይደለም። ሲነጋጋ ሰው ሳይነሳ ወጥቶ ይሄዳል፤ ልጅቷም ጠዋት ትምህርት ቤት የምትሄደው በእሱ አውቶቡስ ነው፤ ከሾፌሩ ጀርባ ባለችው ወንበር ተቀምጣ ነው የምትሄደው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ነገረ ሥራው ዝግ ብሏል። በር ላይ ትከሻው ይጋጫል። ብርጭቆ ይገለብጣል። ሞዴል «አረጀህ እንዴ ወንድምጋሼ፣ እጅህ እየከዳህ ነው» እያለ ይስቅበታል፤ እሱም «አዎ፣ ማርጀት ምን ይደረጋል» እያለ አብሮ ይስቃል። ነገሩ በዚህ ያልፋል።

ለከሰዓት በኋላው ሞዴል ሁለት እንግዳ ጠርቷል። አንደኛው የሚስቱ ወንድም ነው፤ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ቴሌቪዥን የሚጠግን፣ በጥርጣሬ ካልሆነ ዕቃ የማያይ ሰው። ሁለተኛው ፊት ለፊት ካለው ሕንፃ የሚኖረው የስምሪት ኃላፊ ነው። አውቶቡሶቹን በየመስመሩ የሚያሠማራው እሱ ስለሆነ የወንድምጋሼ አለቃ ነው ማለት ይቻላል፤ ግን በአንድ ዘመን ሾፌርነት የጀመሩ ጓደኛሞች ናቸው። የስምሪት ኃላፊው ሚስት ይህንኑ ቴሌቪዥን ሱቅ ውስጥ አይታ ልቧ ስለሸፈተ፣ ሰውየው «ይገዛል ወይስ ይቆይ?» የሚለውን በዓይኑ አይቶ ሊቆርጥ ነው የሚመጣው። ሞዴልን ከምንም በላይ ያስደሰተው ይህ ነው። ሁለተኛ ሰው ካልተከተለ አንደኛ መሆን ምን ያደርጋል? ስለዚህ ጠዋቱን ሙሉ ደፋ ቀና ሲል ዋለ። ብርሃን እንዳይገባ በመጋረጃው ላይ አንሶላ ደረበ፤ ሶፋውን ወደ መሐል ገፋ፤ ደህናውን የድሮ ቴሌቪዥን እንደተቀጣ ተማሪ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ወለል ላይ አስቀመጠው። መነፅሮቹ በባትሪ ስለሚሠሩ በየተራ ቻርጅ አደረጋቸው። ከቴሌቪዥኑ ጋር የመጡት አራት ናቸው። ሚስቱ «ሰው ሲበዛስ?» ስትለው «በተራ ነዋ» አላት። «እንግዳ ጠርቶ በተራ እዩ ይባላል?» አለችና መልሱን ሳትጠብቅ ሻይ ልትጥድ ሄደች።

እንግዶቹ መጥተው ሰላምታና ጨዋታው ካለቀ በኋላ ሞዴል መነፅሩን አደላቸው። ልጅቷ ጠዋት አይታ ስለጠገበች ተራዋን ለቃ ጓደኛዋ ቤት ሄዳለች። ሚስቱም የራሷን አልፈለገችም፤ ጥቂት ካየችው ጭንቅላቷን ይወቅራታል። ስለዚህ ያደረጉት አራቱ ወንዶች ናቸው፤ በጨለማው ሳሎን ጥቁር መነፅር ሰክተው በረድፍ ሲቀመጡ ሚስትየዋ ሻይ ይዛ ስትገባ ሳቅ አመለጣት። «ብየዳ ልትጀምሩ ነው?» አለች። ብስኩቱን መሐል አስቀመጠች፤ የወንድምጋሼን ሻይ ግን ከሌሎቹ ለይታ በቀኝ እጁ በኩል፣ ጠረጴዛው ጠርዝ አጠገብ አኖረችለት። «ወንድምጋሼ፣ ሻይዎ በዚህ ነው» አለችው። እሷም ለምን እንደዚያ እንዳደረገች አላሰበችም፤ እጇ የለመደውን ነው የሠራው።

ዓሣዎቹ መጡ። የስምሪት ኃላፊው ግዙፍ ሰው ነው፤ የመጀመሪያው ዓሣ ሲወጣ ወደ ኋላ ተለጥጦ ሶፋውን አስጮኸው። «ወይ ጉድ! ወይ ጉድ!» እያለ እንደ ልጅ እጁን ዘረጋ። ጠጋኙ አማች እንኳ ሳይወድ በግዱ ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ፤ ወዲያው ግን ወደ ሙያው ተመለሰ። «ነገሩ መልካም ነው፤ ግን ሰው በገዛ ቤቱ መነፅር ሰክቶ ስንት ሰዓት ይቀመጣል? ጋደም ብለህ አታየውም። አንዱ መነፅር ሲሰበርብህ ከየት ታመጣለህ? እኔ ብሆን ሁለት ዓመት እታገሥ ነበር። ወይ ይሻሻላል፣ ወይ ተረስቶ ይቀራል፤ በሁለቱም ትጠቀማለህ» አለ። የስምሪት ኃላፊው ወደ ሞዴል ዞረ። «እሱ እንዲህ ይላል። አንተ ባለቤቱስ?» ሞዴል ጉሮሮውን ጠረገ። «እሱ እንደ ጠጋኝ ነው የሚያስበው፤ ያልተበላሸ ነገር አይታየውም። ሰው ዕድሜው ስንት ነው? ቆይቼ ልይ ብሎ የሚቀረው ደስታስ?» አለ። ከዚያ ምስክር ፈለገ፤ ምስክሩም አጠገቡ ነበር። «ወንድምጋሼ፣ አንተ ንገረው እስቲ። እንዴት ነው?»

ወንድምጋሼ «ጥሩ ነው» አለ።

ያቺው ቃል ናት። ሞዴል ደሙ ፈላ። እንግዳ ፊት፣ ያውም ሊገዛ አንድ ሐሙስ የቀረው እንግዳ ፊት፣ እንደ ሐዘን ቤት ሰው «ጥሩ ነው»! «ምኑ ነው ጥሩ? ዓሣው የት ደረሰ? ንካው እስቲ!» አለው። ቢጫ ዓሣ ከመስታወቱ ወጥቶ ከብስኩቱ ሳሕን በላይ ይዋኝ ነበር። ወንድምጋሼ እጁን ዘረጋ፤ ዓሣውን አልፎ፣ ጠረጴዛውን አልፎ፣ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ወደ ቴሌቪዥኑ መስታወት ዘረጋ። ሦስቱም በሳቅ ፈነዱ። «እሱ እኮ እዚህ ነው! ግድግዳውን ልትነካ ነው እንዴ?» አለ የስምሪት ኃላፊው እንባውን እየጠረገ። ወንድምጋሼም ሳቀ። «ፈጣን ነው፣ አመለጠኝ» አለና ተቀመጠ።

ጠጋኙ በዚህ መሐል ጨዋታውን ለማሳመር ነው ነገሩን ያነሳው፤ ክፋት አልነበረበትም። «ምሥጢሩን ላሳያችሁ። ቴሌቪዥኑ የሚያወጣው ሁለት ሥዕል ነው፤ ለየዓይናችሁ አንድ አንድ። ሁለቱን አገጣጥሞ ቅርብና ሩቅ የሚያደርገው ጭንቅላታችሁ ነው። አንድ ዓይናችሁን ሸፍኑ፤ ዓሣው ተመልሶ መስታወቱ ላይ ይለጠፋል» አለ። ሸፈኑ። የስምሪት ኃላፊው «ሞተ! ዓሣው ሞተ!» አለ። ከፈቱ። «ተነሣ!» ደጋገሙት፤ መሸፈን፣ መክፈት። ወንድምጋሼም ከሌሎቹ ጋር እጁን እያነሳ ግራ ዓይኑን ይሸፍናል፣ ይከፍታል፤ ፊቱ ላይ ግን የሚለወጥ ነገር የለም። ሞዴል ዓሣውን ትቶ እሱን ያይ ነበር። ጠዋት የጀመረው ቅያሜ አናቱ ላይ ወጣ። እያሾፈብኝ ነው አለ በልቡ፤ ከሰው ሁሉ ለይቶ እኔን ዝቅ ሊያደርገኝ ነው። ተነሥቶ ወንድሙ ፊት ቆመ፤ መነፅሩን ከፊቱ ላይ አነሳና «አንተ መሸፈንም አልቻልክበት፤ ና እኔ ልሸፍንልህ» ብሎ እየሳቀ በመዳፉ ቀኝ ዓይኑን ከደነው። ሽፋሽፍቱ እጁ ውስጥ ሲርገበገብ ተሰማው። «በል፣ ይህ ስንት ጣት ነው?» አለው።

ወንድምጋሼ ፊቱን ወደ ድምፁ ቀና አደረገ።

«ስንት ነው? ንገረን እንጂ።»

«ሦስት» አለ ወንድምጋሼ።

ሞዴል ጣት አላነሳም ነበር። በሌላኛው እጁ ይዞት የነበረው የቴሌቪዥኑን ሪሞት ነው።

የስምሪት ኃላፊው ሳቅ እኩሌታው ላይ ተቆረጠ። ሞዴል መዳፉን ማንሳት እንዳለበት ያውቃል፤ ክንዱ ግን እምቢ አለው። ሲያነሳው ወንድምጋሼ መጀመሪያ ያየው እሱን አይደለም፤ ጓደኛውን ነው። ከቴሌቪዥኑ የውሃ ድምፅ ይንቦጫቦጫል። «ጨለም ይልብኛል» አለ ወንድምጋሼ፤ «አቧራ ገብቶበት ይሆናል። ክፍሉም ጨለማ ነው።» የስምሪት ኃላፊው መነፅሩን አውልቆ፣ እጥፉን በጥንቃቄ አጥፎ፣ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ቀና ሳይል «የቱ ነው? ግራው ነው?» ብሎ ጠየቀ። «ግራው ነው» አለ ወንድምጋሼ። «ከመቼ ወዲህ?» ወንድምጋሼ ብስኩት አንሥቶ በእጁ ያዘ እንጂ አልበላውም። የስምሪት ኃላፊው ሻዩን እንደጀመረው ትቶ ተነሣ፤ ለሚስትየዋ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ወጣ። ጠጋኙም ጥፋቱ የእሱ የመሰለው ሰው ይመስል አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ሲፈልግ ቆየና ተከተለው።

ሞዴል የስምሪት ኃላፊውን ደረጃው ላይ ደረሰበት። ምን እንደሚል ሳያውቅ ነው የሮጠው። «ቆይ፣ አንድ ጊዜ» አለው። ሰውየው የብረት መደገፊያውን ይዞ ቆመ። «ጡረታው እኮ ደርሷል» አለ ሞዴል፤ «ሥራውን ታውቀዋለህ፤ አንድ ሰው ነክቶ አያውቅም። ጥቂት ጊዜ ነው። እንዳላየህ ሁን። ስለ እኔ ብለህ።» ድምፁ ልመና ሆነበት። በሕይወቱ ሰው ለምኖ አያውቅም ነበር፤ መለመን አፉ ላይ እንዲህ መቅለሉ ገረመው። የስምሪት ኃላፊው ረዥም ጊዜ አየው። ከዚያ በቁጣ ሳይሆን በድካም «ልጅህ ጠዋት በማን አውቶቡስ ነው የምትሄደው?» ብሎ ጠየቀው።

ሞዴል አፉን ከፍቶ ቀረ። ለጥያቄው መልስ ስለጠፋው አልነበረም። ጥያቄው እንደተነገረ ልቡ ውስጥ ብልጭ ያለውን ነገር ራሱ ስለሰማ ነው፤ ከነገ ጀምሮ እኔ አደርሳታለሁ ብሎ ነበር ያሰበው። የሌላው ሰው ልጅ በዚያው አውቶቡስ ይሂድ፣ የእኔ ግን ትውረድ። ልመናውንና ይህን ሐሳብ ጎን ለጎን አደረጋቸው። ፊቱ እስከ ጆሮው ጋለ። የስምሪት ኃላፊው ሐሳቡን ያነበበበት መሰለው፤ ምናልባትም አንብቦታል። «ግባ፤ ወንድምህ ብቻውን ነው» አለውና ወረደ።

ሲመለስ ሚስቱ አንሶላውን ከመጋረጃው ላይ አውርዳ ብርሃን አስገብታለች። መነፅር በሌለው ዓይን ቴሌቪዥኑ ላይ ያለው ሁሉ ድርብ ድርብ ሆኖ ይታያል፤ እያንዳንዱ ዓሣ ከራሱ ጥላ ጋር ይዋኛል። አጠፋችው። የወንድምጋሼን ብርጭቆ በእጇ ይዛ ቆማ ነበር። «ምን እንደሆነ ታውቃለህ?» አለችው ቀስ ብላ፤ «ሻዩን በቀኝ በኩል ማስቀመጥ ከጀመርኩ ከርሜያለሁ። በግራ ሳደርገው ሁልጊዜ ይገለብጡታል። ወደ ቀኝ አዞርኩት፣ መገልበጡ ቀረ፤ በቃ። ለምን ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኩም።» ብርጭቆውን እንደገና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና በጨርቅ ያልፈሰሰ ነገር ትጠርግ ጀመር። ባልና ሚስቱ እርስ በርሳቸው መተያየት አቃታቸው።

የኋላኛው ክፍል ጠባብ ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ በምስማር ላይ የተንጠለጠለ የሾፌር ካፖርት፤ ከበሩ ጀርባ ደግሞ ሞዴል ያላወቃቸው የተጣሉ የዕቃ ካርቶኖች እስከ ጣራ ተደርድረዋል። ያላወቃቸው ማለት ይከብዳል፤ ሁሉም የእሱ ናቸው። የዳቦ ማሽኑ ካርቶን፣ የመብራቱ ካርቶን፣ ዓርብ ዕለት የገባው ትልቁ ካርቶን። ምናልባት ዕቃው ቢበላሽ በካርቶኑ ይመለሳል በሚል ባዶውን ሁሉ ወንድሙ ክፍል ሲከት ኖሯል። ወንድምጋሼ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ሞዴል በሩ ላይ እንደቆመ «ለምን አልነገርከኝም?» አለው። ጥያቄው ወቀሳ ሆኖ ወጣ፤ እሱ ግን እንደዚያ ማለቱ አልነበረም።

«ነግሬህ ነበር እኮ» አለ ወንድምጋሼ።

«መቼ?»

«ልብስ ማጠቢያው የመጣ ቀን። ሐኪም ቤት ሄጄ የዓይን ግፊት ነው ብለውኝ፣ ለምርመራው ዓይን የሚያደበዝዝ ጠብታ ስለምናደርግ ብቻህን አትመለስም፤ ሰው ይዘህ ና ብለውኝ ነበር። አብረን እንሂድ አልኩህ። በሚቀጥለው ሳምንት አልከኝ።» ይህን ሲናገር ድምፁ ውስጥ ቅሬታ አልነበረም፤ የአውቶቡስ መስመር እንደሚያስረዳ ሰው ነው የተናገረው። «አንተም ሥራ በዛብህ። እኔም ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ባልጠይቅህ ይሻለኛል አልኩ። ቢነግሩኝ መሪውን ይነጥቁኛል። ሳላውቀው ብቆይ ይሻላል ብዬ ተውኩት። ቀስ እያለ ጠፋ። አንድ ቀን ቀኙን ሳሽ፣ ግራው ውስጥ ምንም የለም።»

ሞዴል ያን ቀን ሊያስታውስ ታገለ። ልብስ ማጠቢያው የመጣ ቀን። ማሽኑን በደንብ ያስታውሰዋል። በሩ ሰማያዊ እንደነበር፣ ያመጡት ሰዎች ደረጃው ላይ አጋጭተው አንዱን ማዕዘን እንደላጡበት፣ እሱም በቁጣ ስልክ እንደደወለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሽከረከር ልጅቷን አቅፎ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብሎ እንዳየው ያስታውሳል። ወንድሙን ግን አያስታውስም። የት ቆሞ ነገረው? ምን ለብሶ ነበር? እሱስ ቀና ብሎ አይቶት ነው «በሚቀጥለው ሳምንት» ያለው ወይስ ጀርባውን ሰጥቶት? ምንም የለም። ይቅርታ ልበል አለና ቃሉ አፉ ውስጥ ቀለለበት፤ ላላስታወሰው ነገር እንዴት ይቅርታ ይጠየቃል? ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ከሳሎን የሚስቱ ጨርቅ ጠረጴዛውን ሲያሻሽ ብቻ ይሰማል።

በመጨረሻ ወንድምጋሼ ጫማውን ማጥለቅ ጀመረ። «እሱ ዘንድ እሄዳለሁ» አለ። «የስምሪት ኃላፊው ዘንድ? አሁን? እኔ አናግሬዋለሁ፤ ምንም አይልም» አለ ሞዴል። ወንድምጋሼ የጫማውን ክር እያሰረ «ምን ብለህ አናገርከው?» አለ። ሞዴል ዓይኑን ወደ ካርቶኖቹ መለሰ። ወንድምጋሼ ቀና ብሎ አየው፤ ገባው። «ይህንንስ ባትለው ጥሩ ነበር» አለ፤ ከዚያም ለስለስ ብሎ «እሱ እኮ ክፉ ሰው አይደለም። እኔን አሳልፎ ሊሰጥ ይከብደዋል፤ ዝም ማለትም አይችልም። እኔ በሠራሁት እሱ ለምን ይጨነቅ? ራሴ እነግረዋለሁ» አለ። ካፖርቱን ከምስማሩ ሊያነሳ እጁን ዘረጋና ተወው፤ ያለ ካፖርት ወጣ።

ሞዴል ተከተለው። ደረጃው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አየው፤ ወንድሙ ሲወርድ እያንዳንዱን ደረጃ በእግሩ ጫፍ እየዳሰሰ፣ በመደገፊያው ላይ እጁን ሳያነሳ ነው የሚወርደው። ይህን ሰው በየቀኑ ከፊቱ ሲወርድ አይቶታል። ቶሎ በል እያለም ከኋላው ያቻኮለበት ጊዜ አለ።

የስምሪት ኃላፊው በሩን ራሱ ከፈተ። ሁለቱን ሲያይ ደነገጠ። «የመጣሁት አንተ እንዳትመጣ ብዬ ነው» አለ ወንድምጋሼ፤ «ነገ መሪውን አልይዝም። መስመሬን ለሌላ ሰው ስጥ። ዛሬ ያየኸው ነገር እውነት ነው፤ የደበቅኩህም እኔ ነኝ። በግራ በኩል በስፖኪዮ፣ አንገቴንም እያዞርኩ እቆጣጠረዋለሁ ብዬ ነበር። ሰው አልነካሁም። ግን መንካቴን አላይም ነበር።» የስምሪት ኃላፊው ፊቱን በሁለት እጁ አሸ። «አውቶቡስህ በግራ በኩል ተፍቆ የገባ ጊዜ ጥፋቱ የዚያኛው መኪና ነው ብዬ የዘጋሁልህ እኔ ነኝ። ጠርቼ አላየሁህም፤ አልጠየቅኩህም። አንተ ነህና» አለ። ግቡ አላቸው፤ አልገቡም። ነገ መስመሩን ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ፣ ሐኪሙ የሚለው ከታወቀ በኋላ ጣቢያው ውስጥ ምን ሥራ እንደሚገኝ እንደሚያይ ነገረው። ቃል ግን አልገባም። ሁለቱ ሽማግሎች ተጨባበጡ። የስምሪት ኃላፊው እጁን ቶሎ አልለቀቀውም፤ ሞዴል ሌላ ቦታ ለማየት ተገደደ።

ሲወጡ ጀምበሯ አዘቅዝቃ ነበር። በሁለቱ ሕንፃዎች መሐል ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ ወንድምጋሼ ዳር ዳሩን ይሄዳል፣ ሞዴልም ከጎኑ። ሞዴል ዝምታውን መሸከም ስላቃተው ማውራት ጀመረ። ነገ ከሥራ እቀራለሁ፤ በጠዋት ሐኪም ቤት እንሄዳለን፤ ቀኙ እንኳ እንዳይጎዳ ጠብታ ያዙልሃል፤ ከፈለግህም ክፍሉን ካርቶኑን አስወጥቼ አጸዳልሃለሁ፤ አልጋውንም ወደ መስኮቱ እናዞረዋለን። ወንድምጋሼ አልመለሰም። ሞዴል ተቀየመኝ፣ ደግ አደረገ ብሎ ዝም አለ።

ጥቂት እንደሄዱ ወንድምጋሼ ቆመ፤ አንገቱን ብቻ ሳይሆን መላ አካሉን ወደ ግራ አዞረ።

«በዚህ በኩል ነህ እንዴ?» አለ። «በቀኜ ና። እዚያ ስትሆን የለህም።»

ሞዴል በወንድሙ ፊት ዞሮ አለፈና በቀኙ ቆመ። ወንድምጋሼ አየው፤ ደህና አድርጎ፣ ልጅ እያለ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት አንገትጌውን እያስተካከለ እንደሚያየው አየው። «ስንት ሰዓት ነው የሚከፍቱት፣ ሐኪም ቤቱን?» ብሎ ጠየቀው። ሞዴል አላውቅም አለ። ቀና ብሎ ሊያየው ፈልጎ ነበር፤ ግን አልቻለም፤ መሬት መሬቱን እያየ፣ ከወንድሙ እግር ጋር እግሩን እያስተካከለ፣ ዝግ ብሎ በቀኙ ሄደ።